በዐድዋ ዓመት የተወለደው ራጅ፤ የቱቦው ታሪክና የሥዕሉ ጥራት

የ1888 ዓ. ም. ስም በተጠራ ቁጥር የኢትዮጵያ ልጅ ሁሉ አሳቡ ወደ ዐድዋ ተራሮች ይሄዳል። ይህም የሚገባ ነው። የካቲት 23 ቀን በዚያ የሆነውን ሁሉ ከታናሽነታችን ጀምረን ስንማረው ኖረናል። ነገር ግን በዚያው ዓመት፤ ከጦርነቱ 114 ቀን አስቀድሞ፤ ጥይት ያልተተኰሰበት አንድ ሌላ ታላቅ ነገር ተደርጎ ነበር። ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ. ም. በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ከተማ ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን የሚባሉ የፊዚክስ መምህር ዛሬ «ራጅ» የምንለውን ጨረር አገኙ። የሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መዋል እንዲያው አጋጣሚ ይመስላል፤ ሆኖም ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ሐኪም ቤት ውስጥ ተገናኝተዋል። እንዴት እንደ ተገናኙ ወደ ፊት እንናገራለን።

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ለመጽሔቱ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተፈቀደልን ጊዜ፤ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ ጦር አለቆች ከመጻፍ ይልቅ የአንዲት የብርጭቆ ቱቦ ታሪክ ለመጻፍ መረጥን። ምክንያታችን ሩቅ አይደለም። ጉለሌ የሐኪም ቤት ሰፈር ናት። ከእንጦጦ ግርጌ በ1950ዎቹ ዓ. ም. ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የተቋቋመው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ፤ በ1960ዎቹ ዓ. ም. መጀመሪያ ለድኾች መታከሚያ ተብሎ የተሠራው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ፤ «ፓስተር» የሚባለውም ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። በየቤታችንም ቁም ሣጥን ላይ ወይም ፍራሽ ሥር በትልቅ ፖስታ የተቀመጠ የአባት ወይም የአያት የራጅ ፊልም አይታጣም።

ያ ጥቁርና ነጭ ሥዕል እንዴት ተገኘ? ስለ ምንስ አንዱ ጥርት ሲል ሌላው ይደበዝዛል? መልሱን ስንፈልግ የተረዳነው ነገር ይህ ነው፤ የሥዕሉ ጥራት ከፊልሙ አስቀድሞ በቱቦው ይጀምራል፤ ለእያንዳንዱም ጥራት የሚከፈል ዋጋ አለ። ዋጋውም አንዳንድ ጊዜ ሙቀት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ በበሽተኛው ላይ የሚበዛ ጨረር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ የሰው ሕይወት ነበረ።

ከቩርዝቡርግ እስከ ናፖሊ

ሮንትገን በዚያች ማታ ይመረምሩት የነበረው አየሩ ከሞላ ጎደል የወጣለትን የብርጭቆ ቱቦ ነበር። ለቱቦው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው፤ ካቶድ ከሚባለው ጫፉ የሚነሣ ጨረር የብርጭቆውን ግድግዳ ይመታል፤ ብርጭቆውም ያበራል። ይህ ከእርሳቸው በፊት የታወቀ ነገር ነው። እርሳቸው ግን ቱቦውን በጥቁር ካርቶን ሸፍነው ክፍሉን አጨለሙት፤ ያን ጊዜ ባሪየም ፕላቲኖሲያናይድ የሚባል ቅመም የተቀባ ሰሌዳ ከቱቦው ራቅ ብሎ ሳለ ሲያበራ አዩ። ብርሃን በካርቶን ውስጥ አያልፍም፤ እንግዲያስ ያለፈው ምንድር ነው? ማንነቱን ገና ስላላወቁት በሒሳብ ትምህርት ያልታወቀው ነገር በሚጠራበት ፊደል «ኤክስ» አሉት። ስድስት ሳምንት ያህል ለብቻቸው ሲደክሙ ቆይተው፤ ታኅሣሥ 13 ቀን የባለቤታቸውን የበርታን እጅ አነሡ፤ አጥንቱና የጋብቻ ቀለበቱ በሥዕሉ ላይ ወጡ። ታኅሣሥ 19 ቀን ጽሑፋቸውን ለከተማው የሊቃውንት ማኅበር አቀረቡ። በ1901 እ. ኤ. አ. የመጀመሪያውን የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲያቸው ሰጡ፤ በግኝታቸውም የባለቤትነት መብት አልጠየቁም። ስለዚህ ማንም ቱቦና ኤሌክትሪክ ያለው ሰው ሥራውን ሊሞክረው ቻለ።

ከሞከሩትም አንዱ በጣልያን አገር ነበሩ። ከዐድዋ ጦርነት ሁለት ወር አልፎ፤ በሜይ 1896 እ. ኤ. አ.፤ በናፖሊ ወታደራዊ ሆስፒታል ሌተና ኮሎኔል ጁዜፔ አልቫሮ የሚባሉ ሐኪም ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ የሁለት ወታደሮችን ክንድ በራጅ አነሡ፤ በሥጋቸው ውስጥ የቀረውንም ጥይት ከነቦታው አገኙት። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲያገለግል በዓለም የመጀመሪያው እንደ ሆነ የሚጠቀሰው ይህ ነው። እንግዲህ የራጅ ብርሃን ከጦር ሜዳ መጥቶ በመጀመሪያ ያየው ጥይት ከወዴት የተተኰሰ እንደ ሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

በዚያው ወራት የእኛ ቁስለኞች እንዲህ ያለ ዕድል አልነበራቸውም። የተሰበረ አጥንት ያለው ሰው ተስፋው ወጌሻ ነበር፤ ወጌሻውም በጣቱ ዳስሶ፤ የበሽተኛውን ሕመም ተከትሎ፤ የማይታየውን አጥንት በልቡ እያየ ይጠግን ነበር። ይህ የሚናቅ ጥበብ አይደለም። በሥጋ ውስጥ ጠልቆ የቀረ ጥይት ግን ለጣት አይመችም። በዚያው በ1896 እ. ኤ. አ. የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ መጥተው ቁስለኞችን ማከማቸው፤ በከተማችን የዘመናዊ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ ያለው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፤ በ1898 እ. ኤ. አ.፤ እንግሊዞች በሱዳን ሲዋጉ፤ ሜጀር ጆን ባተርስቢ የተባሉ የጦር ሐኪም የራጅ መሣሪያ በዓባይ ዳር እስካለችው እስከ አባዲየህ ድረስ ይዘው መጡ። በዚያ በረሓ ኤሌክትሪክ ስላልነበረ፤ የሁለት ሰው ብስክሌት በአንድ ቦታ አቁመው፤ ሁለት ሰዎች ፔዳሉን እየረገጡ ዳይናሞውን ያዞሩ ነበር። የሰው እግር የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው፤ ጥቂት ኤሌክትሪክም ጥቂት ጨረር ይሰጣል፤ ቁስለኛውም ሥዕሉ እስኪወጣ ድረስ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መተኛት ነበረበት። ዛሬ በአንድ ሴኮንድ ክፋይ የሚፈጸመው ነገር ያን ጊዜ ብዙ ደቂቃ ይጠይቅ ነበር።

ጥላና የብርሃን ምንጭ

የራጅ ሥዕል እንደ ፎቶግራፍ አይደለም። ፎቶግራፍ ከፊታችን ተመልሶ የሚመጣ ብርሃን የሚሥለው ሲሆን፤ የራጅ ሥዕል ግን ጥላ ነው። ጨረሩ ከቱቦው ተነሥቶ በአካላችን ውስጥ አልፎ ፊልሙ ላይ ይደርሳል፤ አጥንት ብዙውን ስለሚያስቀር በፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ አየር የሞላበት ሳንባ ስለሚያሳልፍ ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ የራጅን ጥራት ለመረዳት የጥላን ጠባይ ማወቅ ይበቃል።

የጥላ ጠባይ ደግሞ በየቤታችን ይታያል። መብራት በጠፋ ማታ ኩራዝ አብርተን እጃችንን ወደ ግድግዳው አስጠግተን ብንይዝ የጣቶቻችን ጥላ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ እጃችንን ከግድግዳው አርቀን ወደ ኩራዙ ብናስጠጋው ግን ጥላው ይተልቃል፤ ጠርዙም ይደበዝዛል። በኩራዙ ፈንታ የሚነድ የምድጃ እሳት ቢሆን ከዚያ የባሰ ይደበዝዛል፤ ምክንያቱም የእሳቱ ስፋት ብዙ ነው፤ ከአንዱ ጐኑ የሚመጣው ብርሃን ከሌላው ጐን የሚመጣውን ጥላ ይሸፍነዋል። በክረምት የእንጦጦ ደመና ጉለሌን ሲሸፍናት ጥላችን ፈጽሞ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብርሃን ጠፍቶ ሳይሆን ብርሃኑ ከሰማዩ ሁሉ ስለሚመጣ ነው። ከዚህ ሁለት ሕግ ይገኛል፤ የብርሃኑ ምንጭ ትንሽ ይሁን፤ ጥላው የሚፈለገውም ነገር ከሚያርፍበት ሰሌዳ አጠገብ ይሁን።

የሮንትገን ቱቦ የመጀመሪያውን ሕግ አያሟላም ነበር። ጨረሩ ይወለድ የነበረው የካቶዱ ጨረር ከመታው ከሰፊው የብርጭቆ ግድግዳ ስለ ሆነ፤ ቱቦው እንደ ምድጃ እሳት እንጂ እንደ ኩራዝ አልነበረም። በዚያው በ1896 እ. ኤ. አ. በለንደን የኪንግስ ኮሌጅ መምህር ኸርበርት ጃክሰን ካቶዱን እንደ ጭልፋ የጎደጎደ አደረጉት፤ ከእርሱ የሚነሡትም ኤሌክትሮኖች በቱቦው መካከል ባለች አንዲት ያጋደለች የፕላቲነም ሰሌዳ ላይ፤ በአንድ ትንሽ ነጥብ፤ እንዲሰበሰቡ ሆነ። ይህች ነጥብ የቱቦው ኩራዝ ናት። ከዚያ ወዲህ የራጅ ቱቦ ታሪክ ይህችን ነጥብ የማሳነስና የማጠንከር ታሪክ ነው።

አንባብያን ነገሩን በቁጥር እንዲያዩት በክፍላችን የሠራነውን ሒሳብ እናቀርባለን። የጥላው ጠርዝ የሚደበዝዝበት ስፋት የሚገኘው፤ የምንጩን ስፋት ከአካሉ እስከ ፊልሙ ባለው ርቀት አብዝተን፤ ከምንጩ እስከ አካሉ ባለው ርቀት ስናካፍለው ነው። የብርጭቆው ግድግዳ የሚያበራበት ስፋት 20 ሚሊ ሜትር ነው እንበል፤ አጥንቱ ከፊልሙ 10 ሴንቲ ሜትር፤ ከምንጩ 40 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፤ ጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ይደበዝዛል። በእንዲህ ያለ ጥላ ውስጥ ቀጭን የአጥንት ስንጥቅ ፈጽሞ አይታይም። ምንጩ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን፤ በዚያው ርቀት፤ ድብዛዜው ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ቱቦውን ደግሞ ከፊልሙ 180 ሴንቲ ሜትር ብናርቀው ወደ 0.06 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ዛሬ የቆመ ሰው ደረት በአብዛኛው የሚነሣው በዚህ ርቀት ነው።

የሙቀት ዋጋ

እንግዲያስ ነጥቧን እጅግ አሳንሶ ቱቦውን እጅግ ማራቅ ነዋ! የሚል አንባቢ ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ታሪኩ በ1896 በተፈጸመ ነበር። ጨረር ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይሳሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ሩብ ይሆናል። ቱቦውን ከ50 ሴንቲ ሜትር ወደ 180 ብናርቀው ጨረሩ 13 ጊዜ ያህል ይቀንሳል። የጎደለውን ለመሙላት ብዙ ኤሌክትሮን በዚያች ትንሽ ነጥብ ላይ ማዝነብ ያስፈልጋል። ኤሌክትሮኖቹ ሰሌዳውን ሲመቱ ደግሞ ከኃይላቸው ራጅ የሚሆነው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው 99 እጅ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ነጥቧ ባነሰችና ሥራዋ በበዛ መጠን ብረቱ ይቀልጣል። ጥራትና ሙቀት እንደ ሁለት ባላጋራዎች ሆነው ቱቦ ሠሪዎችን ለብዙ ዓመታት አስጨንቀዋል።

የቀድሞዎቹ ቱቦዎች ሌላም ጕድለት ነበረባቸው። በውስጣቸው ጥቂት አየር ይቀር ነበር፤ ያለዚያም አየር አይሠሩም ነበር። ነገር ግን ያ አየር በሥራ ብዛት እየተመጠጠ ሲያልቅ የቱቦው ጠባይ ይለወጣል። በጠዋት ለስላሳ ጨረር የሰጠ ቱቦ ሲውል ሲያድር ብርቱ ጨረር ይሰጥ ነበር። ሠራተኛው ዛሬ ቱቦው ምን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ለማወቅ አይችልም።

ከዚህ ጭንቀት ያወጡት አሜሪካዊው ዊልያም ኩሊጅ ናቸው። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ለአምፑል ክር የሚሆን ብረት ሲፈልጉ፤ ተሰባሪውን ተንግስተን እንደ ክር ሊሳብ እንዲችል የሚያደርጉበትን ዘዴ አገኙ። ተንግስተን 3,400 የሴንቲግሬድ ደረጃ እስኪያልፍ አይቀልጥም። በ1913 እ. ኤ. አ. ኩሊጅ አዲስ ቱቦ ሠሩ፤ አየሩ እስከሚቻለው ድረስ ተመጥጦ ወጣ፤ ካቶዱ በኤሌክትሪክ የሚግል የተንግስተን ክር ሆነ፤ የሚመታውም ሰሌዳ፤ አኖዱ፤ ከተንግስተን ተሠራ። ክሩ በጋለ መጠን ብዙ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ በቀዘቀዘ መጠን ጥቂት። ቮልቱ ደግሞ ለብቻው ይወሰናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጨረሩን ብዛትና ብርታት ለየብቻ መወሰን ተቻለ፤ ትናንት የተነሣውን ሥዕል ዛሬም በዚያው ልክ ማንሣት ተቻለ። ዛሬ በየሆስፒታሉ ያለው የራጅ ቱቦ የዚህ የኩሊጅ ቱቦ ልጅ ነው።

ከዚያም ሁለት ብልሃቶች ተጨመሩ። የመጀመሪያው የጀርመናዊው የኦቶ ጌትዘ ሲሆን፤ በ1918 እ. ኤ. አ. የታወቀ ነው። ማስመሪያ ከዓይናችን ፊት ብናጋድለው አጥሮ ይታየናል፤ ርዝመቱ ግን አልተለወጠም። እንደዚሁም ኤሌክትሮኖቹ ባጋደለው አኖድ ላይ ረዘም ባለ መስመር ቢያርፉ፤ ሙቀቱ በመስመሩ ሁሉ ይከፋፈላል፤ ከበሽተኛው ወገን ሲታይ ግን መስመሩ አጥሮ ትንሽ ነጥብ ይመስላል። ሁለተኛው ብልሃት አኖዱን ማዞር ነው። በቆሎ እሸት የምትጠብስ ሴት በቆሎውን በፍሙ ላይ የምታዟዙረው አንዱ ጐን እንዳያር ነው። በሆላንድ አገር የፊሊፕስ ኩባንያ ሊቅ አልበርት ባወርስ በ1929 እ. ኤ. አ. ያወጡት የሚዞር አኖድ ያለው ቱቦ በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ አኖዱ ክብ ሆኖ በደቂቃ 3,000 ጊዜና ከዚያም በላይ እየዞረ ሙቀቱን በዙሪያው ሁሉ ያዳርሳል። በዚህም ምክንያት ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ከምትሆን ነጥብ፤ የልብ ትርታ ሥዕሉን ሳያደበዝዘው፤ በሴኮንድ ክፋይ ውስጥ የሚበቃ ጨረር ማግኘት ተቻለ።

ብርታትና ብዛት

ጠርዝ ጥርት ማለቱ ብቻ ሥዕሉን መልካም አያደርገውም። ጥቁሩና ነጩ በሚገባ መለየት አለባቸው። ይህ የቮልቱ ሥራ ነው። ደካማ ብርሃን በነጠላ ውስጥ ያልፋል፤ በጋቢ ውስጥ ግን አያልፍም፤ ስለዚህ ነጠላና ጋቢ ጐልተው ይለያያሉ። እጅግ ብርቱ ብርሃን ግን በሁለቱም ስለሚያልፍ ልዩነታቸው ይቀንሳል። እንደዚሁም ቮልቱ ዝቅ ሲል አጥንትና ሥጋ በደንብ ይለያሉ፤ ነገር ግን ብዙው ጨረር በአካል ውስጥ ስለሚቀር በሽተኛውን ይጐዳዋል። ቮልቱ ከፍ ሲል ጨረሩ ያልፋል፤ ልዩነቱ ግን ይለዝባል። ለደረት ሥዕል ብዙ ጊዜ ከ100,000 ቮልት በላይ የሚሰጠው፤ ከጐድን አጥንቶች ኋላ ያለው የሳንባ ክፍል እንዳይሸፈን ነው።

የሚሊ አምፔሩ ሥራ ደግሞ ብዛት ነው። ዝናብ ሲጀምር በአቧራው ላይ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ይታያል፤ ዝናቡ ሲበረታ ግን መሬቱ እኩል ይርሳል። ጨረሩ ሲያንስ ሥዕሉ እንደዚያ አቧራ ነጠብጣብ የበዛበት ይሆናል፤ ትንሹም የበሽታ ምልክት ከነጠብጣቡ መካከል ይጠፋል። ጨረሩ ሲበዛ ሥዕሉ ይለሰልሳል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን የበሽተኛው አካል ነው።

ሌላው የጥራት ጠላት ጭጋግ ነው። ከጨረሩ አንዳንዱ በአካል ውስጥ አቅጣጫውን ስቶ ይበተንና፤ በጠዋት ጭጋግ ውስጥ እንዳለ የመኪና መብራት፤ ሥዕሉን ሁሉ ያደበዝዘዋል። ለዚህም ጀርመናዊው ጉስታቭ ቡኪ በ1913 እ. ኤ. አ. ከቀጫጭን እርሳስ የተሠራ ፍርግርግ አበጁ፤ ቀጥ ብሎ የመጣውን ያሳልፋል፤ የተበተነውን ያስቀራል። እርሱም ከሚያስፈልገው ጨረር ጥቂቱን ስለሚያስቀር ተጨማሪ ጨረር ይጠይቃል። እነሆ፤ እዚህም ጥራት ያለ ዋጋ አልተገኘም።

በሰው አካል የተከፈለ ዋጋ

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ራጅ እንደሚጐዳ የሚያውቅ አልነበረም። ሐኪሞችና ሠራተኞች የቱቦውን የዕለት ጠባይ ለማወቅ የገዛ እጃቸውን በጨረሩ ፊት ዘርግተው አጥንታቸውን ይመለከቱ ነበር። ይህን በየቀኑ ያደረገ እጅ ቆዳው ይቀላል፤ ይቈስላል፤ በመጨረሻም በነቀርሳ ይያዛል። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ ሁለት ክንዶቹ ተቈርጠው በ1904 እ. ኤ. አ. ሞተ፤ ኤዲሰንም በእርሱ ጉዳት ምክንያት በራጅ መሥራትን ተዉ። በ1936 እ. ኤ. አ. በሐምቡርግ ከተማ ለራጅ ሥራ ሲሉ ሕይወታቸውን ላጡ ሰዎች የድንጋይ ሐውልት ሲቆምላቸው፤ የ169 ሰዎች ስም ተቀረጸበት፤ በኋላም ሌሎች ብዙዎች ተጨምረዋል። እንግዲህ የኩሊጅ ቱቦ ያዳነው ሥዕልን ብቻ አይደለም፤ ቱቦው በልክ የሚታዘዝ ሲሆን እጅን መዘርጋት አስፈላጊ መሆኑ ቀርቷልና።

ዛሬ የጨረሩ መስኮት በእርሳስ መዝጊያ ተወስኖ ከሚፈለገው ስፍራ በቀር አይደርስም፤ በቱቦው አፍ ላይ ያለ ቀጭን አሉሚኒየም ሥዕል የማይሠራውንና ቆዳን ብቻ የሚጐዳውን ደካማ ጨረር ያስቀራል፤ ሠራተኛውም ከመከለያ ኋላ ይቆማል። በሚገባ የተነሣ አንድ የደረት ራጅ የሚሰጠው ጨረር፤ ሰው በሦስት ቀን ያህል ከምድርና ከሰማይ በተፈጥሮ ከሚያገኘው ጋር ይተካከላል። ይህን ያህል አነስተኛ ስለ ሆነ በሐኪም ለታዘዘ ሰው ራጅን መፍራት አይገባም። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ግን አስቀድማ ለሠራተኛው መንገር አለባት።

ለጉለሌ በሽተኛ ምን ይጠቅማል?

ይህ ሁሉ ታሪክ የሚፈተነው በአንድ የሳንባ በሽተኛ ደረት ላይ ነው። በአዋቂ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ብዙ ጊዜ የሚታየው በሳንባው የላይኛው ክፍል፤ ከማጅራት ዝቅ ብሎ፤ ከብርንዶ አጥንት ኋላ ነው። ምልክቱ አንዳንድ ጊዜ እንደ ጥጥ የሳሳ ነጭ ጥላ ብቻ ነው። ሥዕሉ ከደበዘዘ ይህ ጥላ ይጠፋል፤ ሰውየውም «ደኅና ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከልጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ያድራል፤ ያስላል። ሥዕሉ ስለ ደበዘዘ ብቻ ሌላ ሥዕል ቢነሣ ደግሞ ጨረሩ እጥፍ ይሆናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

በራጅ ክፍል የሚነገረን ትእዛዝም ከዚህ ታሪክ ጋር ሲታይ ትርጓሜው ይገለጣል። «ደረትህን ከሰሌዳው አስጠጋ» የሚባለው ልብ በፊት በኩል ስላለ ጥላው ከልኩ በላይ እንዳይተልቅ ነው። «እጅህን ወገብህ ላይ አድርግ፤ ትከሻህን ወደ ፊት ግፋ» የሚባለው የትከሻ አጥንት ሳንባውን እንዳይሸፍን ነው። «አየር ሳብ፤ ያዝ» የሚባለው ሳንባው እንዲሞላና እንዳይንቀሳቀስ ነው፤ ቱቦው ነጥቡን የቱንም ያህል ቢያሳንስ በሽተኛው ከተነቃነቀ ድካሙ ከንቱ ነው። የአንገት መስቀልና ሐብል ማውለቅ፤ የሴቶችም ሹሩባ ወደ ላይ መታሰሩ፤ የጌጡና የጠጕሩ ጥላ በሳንባው ጫፍ ላይ ወድቆ በሽታ እንዳይመስል ነው። ስለዚህ ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን ጋር ወደ ሐኪም ቤት የምንሄድ ልጆች፤ ትእዛዙን ከነምክንያቱ ብናስረዳቸው ለሥዕሉ ጥራት እኛም ድርሻ ይኖረናል።

በዘመናችን ፊልም በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ እየተተካ ሄዷል፤ በእጅ የሚያዙ ትናንሽ የራጅ መሣሪያዎችም ተሠርተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ. ኤ. አ. ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች የደረት ራጅ ለሳንባ ነቀርሳ በኮምፒዩተር እንዲመረመር ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቅዷል። ይህ ሐኪም ለሌለባቸው አገሮች ትልቅ ተስፋ ነው። ሆኖም ኮምፒዩተር ከቱቦው ያልመጣውን አይፈጥርም፤ የደበዘዘ ጠርዝ ከደበዘዘ ወዲያ የጠፋውን ነገር መልሶ አያመጣም። ሌላም ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። በፊልም ዘመን ጨረር ሲበዛ ፊልሙ ጠቁሮ ስሕተቱን ያጋልጥ ነበር፤ በዛሬው ሰሌዳ ግን ጨረር ቢበዛም ሥዕሉ አምሮ ይታያል። ስለዚህ ጠባቂው ፊልሙ መሆኑ ቀርቶ የሠራተኛው ሕሊና ሆኗል። ከሁሉም በላይ ጥላ ጥላ መሆኑ አይረሳ፤ በሳንባ ላይ የታየ ጥላ ነቀርሳ መሆኑ የሚረጋገጠው በአክታ ምርመራ ነው።

በናፖሊ የተነሡትን የእነዚያን ሁለት ክንዶች ታሪክ ስናነብ፤ መሣሪያው በአንድ ወገን ብቻ ስለ ነበረ ቅር ይለን ይሆናል። ዛሬ ግን ያው ብርሃን ከእንጦጦ ግርጌ እንጨት ተሸክማ ለምትወርድ እናትም ይደርሳታል። እንዲደርሳት ያደረጉት ቩርዝቡርግና ለንደን፤ ሆላንድና አሜሪካ ብቻ አይደሉም፤ ቮልቱንና ሚሊ አምፔሩን በልክ የሚሰጥ፤ ትእዛዙን በትዕግሥት የሚነግር፤ ሥዕሉን በጥንቃቄ የሚያነብ የአገር ልጅም ያስፈልጋል። በዚህ ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት ከምንወጣው መካከል ይህን ሥራ የሚመርጡ እንደሚኖሩ እናምናለን። ለእነርሱ የምንመኝላቸው ብርቱ ጨረር ያለው አዲስ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን፤ ልኩን የሚያውቅ እጅና ለበሽተኛው የሚራራ ልብ ነው። ታናናሾቻችንም የ1888ን ታሪክ በሚማሩበት ጊዜ፤ ከየካቲት 23 ጋር ጥቅምት 29ንም አብረው እንዲያስቡ እንለምናቸዋለን።